ሕገ መንግሥቱን እጅ ላይ ይዞ መወያየት፦ ለባሕር ዳር ካምፓሶች የአንድ ከሰዓት መድረክ አዘገጃጀት

ካምፓስ ውስጥ ስለ ሕገ መንግሥት የሚዘጋጁት አብዛኞቹ መድረኮች አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። እንግዳ ይጋበዛል፣ ጽሑፍ ያቀርባል፣ ሦስት አራት ተማሪ ይጠይቃል፣ ሻይ ተጠጥቶ ይበተናል። አዳራሹን ሞልቶ የነበረው ተማሪ ግን አንዲት አንቀጽ እንኳ በዓይኑ ሳያይ ወደ ዶርሙ ይመለሳል። ስለ ሕገ መንግሥቱ ሲወራ ሰማ እንጂ ሕገ መንግሥቱን አላነበበም። ከዚህ በታች የምናስቀምጠው አሠራር መነሻው ይኸው ጉድለት ነው፤ ጽሑፉ ተማሪው እጅ ይግባ፣ ራሱ ያንብበው፣ ከአንድ ጉዳይ ጋር ራሱ ያገናኘው። ዝግጅቱ ለ60 ተማሪና ለ3 ሰዓት የተለካ ነው። ፔዳ ላይም፣ ፖሊ ላይም፣ ዘንዘልማ ላይም፣ በግል ኮሌጅ ግቢም ይሠራል።

ቀንና ሰዓት

ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ጀምሮ ነው። ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሆኖ ስለሚከበር ብዙ ክበቦች ፕሮግራማቸውን በዕለቱ ላይ ይጭኑታል። አይመከርም። የዕለቱ ጭፈራና የባህል ልብስ ደስ ይላል፤ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አያነብም፣ ሞንታርቦውም አዳራሹም ተይዟል። ከዚያ በፊት ያለው ቅዳሜ ከሰዓት ይሻላል፣ ከ8፡00 እስከ 11፡00። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ፣ ዓርብ እኩለ ቀን ጁምዓ አለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ከ11፡00 አታሳልፉት፤ ከሌላ ካምፓስ የመጣ ተማሪ ሳይመሽ ባጃጅ ወይም ሰርቪስ አግኝቶ መግባት አለበት።

ወቅቱ ጾመ ነቢያት መሆኑን አትርሱ። ጾሙ ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ስለዚህ ለሻይ ሰዓት ወተትና ቅቤ የነካው ነገር አይቅረብ፤ ቆሎ፣ የጾም ሳምቡሳ፣ ዳቦና ሻይ ይበቃል። ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ ክሬም ኬክ ገዝቶ ግማሹ ተማሪ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ማየት መድረኩን ያቀዘቅዘዋል። በሌላ በኩል የትምህርት ካሌንደሩ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት የሚድ ፈተና ሳምንት አለመሆኑን አረጋግጡ። ፈተና ካለ በሌላ ወር ይሁን፤ አንቀጹ ያው ነው።

ፈቃድ

ከሦስት ሳምንት በፊት ለተማሪዎች ዲን ደብዳቤ ይግባ፤ ግልባጩ ለግቢ ጥበቃና ለተማሪዎች ኅብረት ይድረስ። ደብዳቤው አምስት ነገር በግልጽ ይያዝ፦ የሚነበቡት አንቀጾች ቁጥር፣ የመድረክ መሪዎቹ ስም፣ የተሳታፊ ብዛት፣ የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ሰዓት፣ እንዲሁም የየትኛውም ፓርቲ አርማ ወይም ቅስቀሳ እንደማይኖር። የመጨረሻውን ስትጽፉ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2ን ጥቀሱ፤ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ የሚያዘው እሱ ነው። «ስለ ፖለቲካ ውይይት» የሚል ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል፤ «አንቀጽ 19፣ 26 እና 44ን የማንበብ ፕሮግራም» የሚለው ግን ምን እንደሚደረግ ስለሚታወቅ ቶሎ ይፈረማል። መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ቅዳሜ ዕለት በር ላይ ያለው ጥበቃ የሚያየው ወረቀቱን ነው።

ትክክለኛውን ጽሑፍ ማግኘት

እዚህ ላይ ብዙ ክበብ ይሳሳታል። አንድ ተማሪ «1987 ሕገ መንግሥት» ብሎ በእንግሊዝኛ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ የደርግ ዘመኑን የኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሕገ መንግሥት ነው፤ እሱ በፈረንጆቹ 1987፣ በእኛ 1980 የወጣ ነውና። ተባዝቶ ከታደለ በኋላ ስህተቱ የሚታወቀው ክርክሩ መሐል ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው። የአሁኑ «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ይጀምራል፣ በ11 ምዕራፍ 106 አንቀጽ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 1/1987 ነው። የኢሕዲሪው 119 አንቀጽ ነበረው። የ1923ቱ 55፣ የ1948ቱ 131 አንቀጽ ነበራቸው፤ ጊዜ ካላችሁ አራቱን ጎን ለጎን በግድግዳ ላይ መለጠፍ ያስተምራል።

ሁለተኛው መምታታት ከአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ጋር ነው። ተሻሽሎ የወጣው የክልሉ ሕገ መንግሥት (አዋጅ ቁጥር 59/1994) በመብቶች ክፍል ከፌዴራሉ ጋር ስለሚመሳሰል ተማሪ ሁለቱን ቀላቅሎ ይጠቅሳል። በየካርዱ ራስጌ ላይ «የኢፌዲሪ» የሚለው ይጻፍ።

ቅጂው የአማርኛው ይሁን። አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል፤ በነጋሪት ጋዜጣው ላይ ጎን ለጎን የታተመው እንግሊዝኛ ለማገዝ ነው። ባሕር ዳር ግን ከመላ አገሪቱ ተመድቦ የመጣ ተማሪ ያለባት ከተማ ናት። አማርኛን እየተንተባተበ የሚያነብ ፍሬሽ በየቡድኑ ይኖራል። እንግሊዝኛውን ከጎኑ አስቀምጡለት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተተረጎመ ካገኛችሁም ጨምሩለት፣ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ግን አታስገድዱት። ራሱ አንቀጽ 19 እንኳ የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት «በሚገባው ቋንቋ» ይነገረው ይላል።

ካርዶቹ

12 አንቀጽ ምረጡ፤ የእኛ ምርጫ 9፣ 19፣ 25፣ 26፣ 27፣ 29፣ 30፣ 35፣ 37፣ 41፣ 44 እና 92 ነው። በ16 ፊደል መጠን ይታተሙ። 19፣ 29፣ 35 እና 41 ረዣዥም ስለሆኑ ሙሉ ኤ4 ይፈልጋሉ፤ የቀሩት ስምንቱ በግማሽ ገጽ ይበቃቸዋል። ለአንድ ቡድን 8 ወረቀት፣ ለ10 ቡድን 80 ወረቀት ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ለየቡድኑ አንድ ሙሉ ሕገ መንግሥት ያስፈልጋል፤ ተማሪ ከካርዱ ወጥቶ ሌላ አንቀጽ ለማየት ሲፈልግ እጁ ላይ መገኘት አለበት። ፎቶኮፒውን ዓርብ ማታ ሳይሆን ረቡዕ ጨርሱት፤ መብራት ሲጠፋ ፎቶኮፒ ቤቱም ይቆማል።

ጽሑፉን ከሁለት ሳምንት በፊት ፍላሽና ስልክ ላይ አውርዱ። ፕሮጀክተር ላይ የተመሠረተ ፕሮግራም አታውጡ፤ መብራትም ኔትወርክም ባይኖር የማይቆም ነገር ወረቀት ነው። ዛፍ ሥር ከሆነ የምታዘጋጁት፣ ከጣና የሚነሳው የከሰዓት ነፋስ ወረቀቱን ይበትናል፤ ካርዶቹን ካርቶን ላይ በኮላ ለጥፏቸው። ኅዳር ላይ ዝናብ አያሰጋም፣ የ8 ሰዓት ፀሐይ ግን ያስመርራል፤ ጥላው በ10 ሰዓት የት እንደሚዞር በዋዜማው ሄዳችሁ እዩ።

አቀማመጥ

ተማሪው እንደገባ ከ1 እስከ 10 ይቁጠር፤ አንድ የቆጠረ ከአንድ፣ ሁለት የቆጠረ ከሁለት። በምርጫ ከተተዋችሁት የአንድ ዶርም፣ የአንድ አገር ልጅ አብሮ ይቀመጥና ክርክሩ ሳይጀመር ያልቃል። በየቡድኑ ስድስት ስድስት ሆነው አንባቢ፣ ጸሐፊ፣ ሰዓት ጠባቂና ተናጋሪ በዕጣ ይለዩ። ዕጣው ወሳኝ ነው፤ «ማን ይናገር?» ከተባለ ሁሌም ያው ደፋር ሲኒየር ወንድ ይነሳል፣ ሴቶቹም ፍሬሾቹም ጸሐፊ ሆነው ይቀራሉ።

ከሕግ ትምህርት ቤት የአራተኛ ወይም የአምስተኛ ዓመት ተማሪ አራት ያህል ጋብዙ። ሥራቸው ማስተማር አይደለም፤ በቡድኖቹ መካከል እየዞሩ «ይህን ከየትኛው ቃል አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። መልስ መስጠት ከጀመሩ ቡድኑ ማንበቡን ያቆማል።

ከመጀመሩ በፊት አምስት ጥያቄ ያላት ስም የማይጻፍባት ወረቀት ይሙሉ። ጥያቄዎቹ የዕውቀት ሳይሆን የጉዳይ ይሁኑ። «ሕገ መንግሥቱ ስንት አንቀጽ አለው?» ከንቱ ነው፤ «ጎረቤታችሁ ቅዳሜ ጠዋት 3፡00 ቢያዝ እስከ መቼ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል?» የሚለው ነው የሚጠቅመው።

የመጀመሪያው ሰዓት፦ ማንበብ

ስለ መሰብሰብና ሰላማዊ ሰልፍ ስለማድረግ መብት የሚናገረውን አንቀጽ 30ን በመጀመሪያ ስጧቸው። አጭር ነው። ሦስት ጊዜ ይነበብ፤ አንዴ ጮክ ተብሎ፣ አንዴ በዝምታ፣ አንዴ በእስክሪብቶ። በሦስተኛው ላይ ሦስት ነገር ያሰምሩ፦ መብቱ የማን ነው፣ መብቱ ምንድን ነው፣ ገደቡ የት ላይ ነው። «ማንኛውም ሰው» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም ያድርጓቸው። ዜጋ አላለም፤ ሰው ነው ያለው። ከዚያ አንቀጽ 41ን ከጎኑ ያኑሩ፤ እዚያ በአገሪቱ ውስጥ በኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራት መብት ለኢትዮጵያዊ ዜጋ ነው የተሰጠው። አንድ ቃል መብቱን ማን እንደሚይዘው እንደሚለውጥ ተማሪው በዓይኑ ሲያይ የንባቡ አየር ይለወጣል። ቀጥሎ በአንቀጽ 30 «መሣሪያ ሳይዝ» እና «በሰላም» የሚሉትን ያግኙ፤ ከዚያም ሥርዓት ማውጣት የሚፈቅደው ዓረፍተ ነገር ስለ ቦታና ስለ መንገድ የሚለውን ይዩ። ሥርዓት ማስያዝና መከልከል አንድ መሆን አለመሆናቸውን ራሳቸው ይከራከሩበት። ለዚህ 25 ደቂቃ ይበቃል።

ቀሪው 35 ደቂቃ ለአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 ይዋል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ ሲገመት የሚጠይቀው ጊዜ ግን አይታሰብም። ለጣና ዳር ልጅ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የለም። የሚከተለውን ለልምምድ የተፈጠረ ጉዳይ አንብቡላቸው፦

ደቅ ደሴት ላይ አንድ ሰው ዓርብ ከቀኑ 10፡00 ተያዘ። የፖሊስ ጀልባ ሞተሩ ተበላሽቶ ቅዳሜና እሑድ አልተንቀሳቀሰም። ሰኞ ከሰዓት ጀልባ ተገኘ፣ ጉዞው 4 ሰዓት ፈጀ፣ ሰውየው ማክሰኞ ጠዋት 3፡00 ችሎት ፊት ቆመ።

መጀመሪያ ሰዓቱን ይቁጠሩ። ከዓርብ 10፡00 እስከ ማክሰኞ 3፡00 ጠዋት 89 ሰዓት ነው። የጀልባው 4 ሰዓት ሲቀነስ 85 ይቀራል። አሁን ጥያቄው ይምጣ፦ ጀልባ መጠበቅ «ለመምጣት የሚጠይቅ ጊዜ» ነው ወይስ አይደለም? ቅዳሜና እሑድስ ይቀነሳሉ? አብዛኛው ተማሪ «ፍርድ ቤት ዝግ ነው፣ ስለዚህ አይቆጠርም» ይላል። አንቀጹን እንደገና ያንብብ፤ ጽሑፉ የሚቀንሰው ጉዞን ብቻ ነው፣ ስለ ዕረፍት ቀን የሚል ቃል የለበትም። ከቡድኖቹ ግማሹ ለፖሊስ፣ ግማሹ ለተያዘው ሰው ይከራከር፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከአንቀጹ ቃል ይነሳ። «ፍትሕ ነው»፣ «ግፍ ነው» የሚል ክርክር ሲመጣ የሕግ ተማሪው ያንኑ ጥያቄውን ይጠይቅ።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለን። እውነተኛ ሰው፣ በእስር ላይ ያለ ዘመድ፣ በችሎት ላይ ያለ ጉዳይ በስም አይነሳ። ተማሪው በቅንነት ያነሳዋል፤ ነገር ግን ቤተሰብ ላይ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል። መድረክ መሪው በመግቢያው ላይ ይህን ይናገር፤ ፎቶም ያለ ፈቃድ አይነሳ፣ ቪዲዮ በቴሌግራም አይለቀቅ።

ሁለተኛው ክፍል፦ 11 ወንበር

ከ15 ደቂቃ ሻይ በኋላ የማስመሰያ ክርክሩ ይጀመራል። ብዙዎች ከውጭ ፊልም የለመዱትን ይዘው «ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረ» ብለው ይጨርሱታል። የእኛ ሥርዓት እንዲህ አይደለም። በአንቀጽ 62 እና 83 መሠረት ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጉዳዩን የሚያጣራለት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ሲሆን አባላቱ 11 ናቸው፦ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ምክትሉ፣ ስድስት የሕግ ባለሙያዎችና ከፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚወከሉ ሦስት ሰዎች። ስለዚህ ፊት ለፊት 11 ወንበር ደርድሩ። ከ60ው ተማሪ 11ዱ ጉባኤ፣ 4ቱ የአመልካች ወገን፣ 4ቱ የተጠሪ ወገን ይሁኑ፤ የቀሩት 41 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሆነው ይቀመጡ። ማንም ተመልካች አይሆንም።

ጉዳዩ ከግቢ ሕይወት ይወሰድ። የምንመክረው ይህ ነው፦ የአንድ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ ደንብ «ፕሮክተር በማንኛውም ሰዓት የተማሪን ሎከር መክፈትና መፈተሽ ይችላል» ይላል እንበል። ሎከሩ የተፈተሸባት ተማሪ ደንቡ የግል ሕይወትን የመከበር መብት የሚደነግገውን አንቀጽ 26ን ይጥሳል ትላለች። ተጠሪው የንዑስ አንቀጽ 3ን ገደብ ይጠቅሳል፦ የሕዝብ ሰላም፣ ወንጀል መከላከል፣ ጤና። አመልካቿ ደግሞ ገደቡ አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ ሲወሰን ብቻ መሆኑን ታሳያለች። ዶርም መኖሪያ ነው ወይ? ሎከር ንብረት ነው ወይ? «በማንኛውም ሰዓት» የሚለውስ አስገዳጅ ሁኔታን ያሟላል ወይ? ደንብ ሕግ ባይሆንስ ለሚል ጠያቂ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 1 አለ፤ የመንግሥት አካል ውሳኔም ከሕገ መንግሥቱ ከተቃረነ ተፈጻሚነት የለውም።

ሰዓቱ እንዲህ ይከፋፈል፦ ዝግጅት 15 ደቂቃ፣ ለየወገኑ 8 ደቂቃ፣ የጉባኤው ጥያቄ 10፣ የጉባኤው ምክክር ሁሉም እየሰማ 12፣ ድምፅ መስጠት 7። አምስት ደቂቃ ትርፍ ይቀራል፤ ትበላለች። ጉባኤው ትርጉም አያስፈልግም ካለ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይመለሳል፤ ቅር የተሰኘው ወገን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ ማለት እንደሚችል አንቀጽ 84ን አንብቡላቸው። ትርጉም ያስፈልጋል ካለ የውሳኔ ሐሳቡን ለ41ዱ ያቀርባል፣ እነሱ በእጅ ድምፅ ይሰጣሉ።

ሲከርር

የራስን ዕድል በራስ የመወሰን፣ እስከ መገንጠል የሚደርሰውን መብት የያዘው አንቀጽ 39 ይነሳል። ባሕር ዳር ላይ መድረክ ከፍቶ አይነሳም ማለት ራስን ማታለል ነው። ሕገ መንግሥቱን እንደ ራሱ የማያየው፣ ከጅምሩ የማይቀበለው ተማሪም ይመጣል። አታፍኑት፤ ግን በመጀመሪያው መድረክ ላይ ዋና ርዕስ አታድርጉት። «ይህን ለሁለተኛው ዙር» ብላችሁ ሰሌዳ ላይ ጻፉትና ቃላችሁን ጠብቁ።

በሁለተኛው ዙር በስሜት ሳይሆን በንባብ ይግቡበት። መጀመሪያ ንዑስ አንቀጽ 4ን ይዘርዝሩ፦ የብሔሩ ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ፣ የአብላጫ ድምፅ፣ የሥልጣን ርክክብ፣ የንብረት ክፍፍል። ይህን ሁሉ ሳያነብ የሚከራከር በሁለቱም ወገን ብዙ ነው። ከዚያ «ይሻሻል» ለሚለው አንቀጽ 104ና 105 ይከፈትለት፣ ማስሊያም ይያዝ። አንቀጽ 47 የሚዘረዝረው 9 ክልል ነው፤ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ከተደራጁ በኋላ ግን አሁን ያሉት 12 ናቸው። ማሻሻያ ሐሳብ ከክልሎች እንዲመነጭ ከምክር ቤቶቹ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 4 ይበቃል። ስለ ፌዴራል የሥራ ቋንቋ የሚናገረውን አንቀጽ 5ን ለማሻሻል ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው ማለትም 8ቱ መደገፍ አለባቸው። አንቀጽ 39 ግን ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ስለሆነ 12ቱም ምክር ቤቶች ይፈለጋሉ፣ አንድ እንኳ ቢቀር አይሆንም። ይህን ራሱ ያሰላ ተማሪ፣ የሚደግፈውም የሚቃወመውም፣ ክርክሩን ከፍ ካለ ቦታ ይጀምረዋል።

በሁለተኛው ዙር የምንጨምረው አንቀጽ 93 ነው። በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ታወጀ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነሐሴ 8 አጸደቀው፣ ከስድስት ወር በኋላ በአራት ወር ተራዘመ። ተማሪው እነዚህን ቀኖች ከአንቀጹ ጋር ያስተያይ፦ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ካልሆነ የ15 ቀን ገደብ፣ የስድስት ወር ዕድሜ፣ የአራት ወር ማራዘሚያ። ቀጥሎ በአዋጁ ጊዜም ሊነኩ የማይችሉትን ይፈልግ፦ አንቀጽ 1፣ 18፣ 25፣ እንዲሁም 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2። አንቀጽ 19 ከዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሩን ራሱ ሲያገኘው ዝም ይላል፤ ያን ዝምታ ቶሎ በንግግር አትሙሉት።

መንፈስ ማቀዝቀዝ ሲያስፈልግ ደግሞ አንቀጽ 44 እና 92 አሉ። ጣና ላይ እምቦጭ መኖሩ በይፋ ከታወቀበት ከ2004 ወዲህ ያለውን እያንዳንዱ ተማሪ ያውቀዋል። ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት መሆኑን 44 ይናገራል፤ አካባቢን የመንከባከብ ግዴታ ግን በ92 ንዑስ አንቀጽ 4 በመንግሥትም በዜጎችም ላይ ተጥሏል። አስጋሪው መረቡን መጣያ ቢያጣ ማንን ይጠይቃል፣ በየትኛው አንቀጽ? ፍትሕ የማግኘት መብትን በያዘው በአንቀጽ 37 ፍርድ ቤት ይሄዳል? ይህ ጥያቄ ከየትኛውም ብሔር የመጣውን ተማሪ በአንድ ወገን ያሰልፋል።

ከመድረኩ በኋላ

ያቺን አምስት ጥያቄ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት እንደገና አስሞሏቸው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም በቴሌግራም ላኩላቸው። የሁለት ሳምንቱ ውጤት ነው እውነተኛው። የ48 ሰዓቱን ጥያቄ ብዙ ሰው ከሳተ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የንባቡን ሰዓት ጨምሩ፣ የማስመሰያውን ቀንሱ።

መልስ ያላገኙ ጥያቄዎች በአንድ ሰሌዳ ላይ ይሰብሰቡ፤ የሕግ ተማሪዎቹም መድረክ መሪውም «ይህን አላውቅም» ማለት ይፈቀድላቸው። በማግሥቱ ጥያቄዎቹ በንጹሕ ተገልብጠው ለሕግ ትምህርት ቤቱ የነጻ ሕግ ድጋፍ አገልግሎት ወይም ባሕር ዳር ላለው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት ይሰጡ። መልሱ ሲመጣ ከጥያቄው ጋር ታትሞ በየዶርሙ መግቢያ ይለጠፍ። ካርዶቹን አትጣሏቸው፤ አሥሩም ስብስብ በየፖስታው ገብቶ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፣ ፖስታው ላይ የደቅ ደሴቱ ጉዳይና የሎከሩ ጉዳይ ይለጠፍበት፣ ሌላ ክበብ ተውሶ እንዲሠራበት።